በዕረፍት ሰዓት የጠራው ስልክ

አሮጊቷ የተገኙት ከምሳ በኋላ፣ የአረጋውያን መኖሪያው ሁሉ ጸጥ በሚልበት ሰዓት ነበር። በአልጋቸውና በመስኮቱ መካከል፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ግራ እግራቸው ከቀኙ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። የአልጋው የጎን መከላከያ ብረት እንደ ተነሳ ነው፤ ማንም አላወረደውም። ከራሳቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸዋል።

ትራሱን ማን እንዳደረገው የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ፖሊስ የጠራው የሆስፒታሉ ሐኪም ነው። በማግሥቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ሆስፒታል ሲደርሱ በር ላይ ጠበቃቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አሮጊት በወደቀች ቁጥር ፖሊስ የምጠራ ሰው አይደለሁም” አለ። “ቢሆንማ ኖሮ እናንተም እኔም እንቅልፍ አናገኝም ነበር። ግን ይህን እዩልኝ።”

ወደ አሮጊቷ አልጋ መራቸውና ብርድ ልብሱን በጥንቃቄ ገለጥ አደረገው። ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው፣ ሆዳቸውን አቋርጦ የሚሄድ ሰፊ ሰንበር ወጥቷል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰንበሩ ለስላሳ አይደለም፤ ጥቃቅን መስመሮች ጎን ለጎን ታትመውበታል።

“ወለል እንዲህ አይሠራም” አለ ሐኪሙ። “ታስረው ነበር። ጠብቆም ይዟቸዋል፤ ጥቂት ቢቆዩ ኖሮ ትንፋሻቸውን ይዘጋው ነበር።”

“ለማን ተናገርክ?”

“ለእናንተ ብቻ።”

“እንግዲያው በሦስታችን መካከል ይቅር።”

በዚህ መሃል አሮጊቷ ዐይናቸውን ሳይገልጡ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። የማደንዘዣው ኃይል ቃላቸውን ቢጎትተውም ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። “ይጠብቁ” አሉ። “መስመሩ ተይዟል።”

ኢንስፔክተሩ ባለበት ቆመ።

“ምነው ኢንስፔክተር?” አለች ሳጅኗ።

“ምንም። ይህን ድምፅ የሆነ ቦታ ሰምቼዋለሁ።”

“እርስዎ እኮ ሁሉንም ሰው የሆነ ቦታ ያውቁታል። ጡረታ ሲቃረብ እንዲህ ያደርጋል ይባላል።”

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጣላትም ነበር። አሁን ግን የመኪናውን ቁልፍ ሰጣትና ወደ አረጋውያን መኖሪያው አመሩ።

መኖሪያ ቤቱ በመካከሉ ግቢ ያለው፣ አንዱ ክንፍ ለሴቶች ሌላው ለወንዶች የተከፈለ ረጅም ሕንጻ ነው። ኃላፊዋ ዕድሜዋን ሁሉ ነርስ ሆና የሠራች ስለሆነች ሁሉም “ሲስተር” ይላታል። ኮሪደሩን እየመራች ስትሄድ በየመንገዱ ታቆማለች፤ የታጠፈ ምንጣፍ በእግሯ ትዘረጋለች፣ መንገድ ላይ የቆመ ወንበር ወደ ግድግዳ ትገፋለች።

“እማማ ሀሎ ነው የምንላቸው” አለች። “በወጣትነታቸው የስልክ ማዕከል ኦፕሬተር ነበሩ። አእምሯቸው ሲደክም ያ ብቻ ቀረ። የበር ደወል ቢሰሙ፣ ማንኪያ ሳህን ላይ ቢወድቅ፣ እንደ ፌንጣ ዘለው ይነሳሉ፤ ሰው መስመር ላይ እየጠበቃቸው ነዋ!”

“እንዳይወድቁ ምን ታደርጋላችሁ?”

“አልጋውን ዝቅ እናደርጋለን። የማያንሸራትት ካልሲ እናለብሳለን። ከሁሉም በላይ ሰው አጠገባቸው እናደርጋለን። ቤተሰብማ አንዳንዴ ‘እሰሩልን’ ይለናል።” ራሷን ነቀነቀች። “እምቢ እላለሁ። በሥራ ዘመኔ እንዳየሁት የታሰረ ሰው ካልታሰረው በባሰ ነው የሚወድቀው፤ ለመውጣት ይታገላላ።”

“የጎን ብረቱንስ ማን አነሳው?”

“እኔም እሱን ነው የማስበው። እኛ አናነሳውም፤ ከላዩ ተሻግሮ የሚወድቅ ከከፍታ ይወድቃል።” ቆም አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። “በዚያ ሰዓት በሴቶች ክንፍ የነበረችው አንዲት ረዳት ብቻ ናት። ጓደኛዋ ታማ ቀርታለች። እጇ ጥሩ ነው፤ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። ትናንት ጠዋት ‘ዛሬ አርፈው ካልተቀመጡ እግርዎን እሰብረዋለሁ!’ ስትላቸው ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል።”

በሴቶች ክንፍ ኮሪደር ጫፍ “የትዝታ ጥግ” የሚሉት አለ። አንድ የመስፊያ መኪና፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ ባለ ትልቅ ጆሮ ራዲዮ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በእጅ የሚዘወር፣ ከእንጨት የተሠራ አሮጌ ስልክ።

“ይሠራል?” አለ ኢንስፔክተሩ።

“ኧረ! ጌጥ ነው። ከድሮው ስልክ ቤት ሲጥሏቸው ሁለቱን ለመንኩ፤ አንዱ እዚህ ነው፣ አንዱ ወንዶች ዘንድ። ሽማግሌ የሚያውቀውን ዕቃ ሲያይ ልቡ ይረጋል።”

ኢንስፔክተሩ የስልኩን እጀታ በጣቱ ነካው። የእንጨቱ ሽታ ሳይጠራው መጣ። በልጅነቱ አባቱ ሩቅ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የመዳመጫ መኪና ሾፌር ነበር። እሑድ እሑድ፣ አብረው ወደ ስልክ ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ እናቱ መዳፏን በውሃ አርሳ ፀጉሩን ታስተኛለታለች፤ አባቱ በስልክ ውስጥ የሚያየው ይመስል። ጠባቧ የእንጨት ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ይቆማሉ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ መልኳን አይተውት የማያውቋት፣ “ይናገሩ፣ ተገናኝተዋል” ትላለች። ሰዓቱ ሲሞላ ያቺው ድምፅ “ጨርሰዋል?” ብላ ትገባለች። እናቱ የምታለቅስ ከሆነ ግን ድምጿን ታጠፋና ቆይታ፣ በጣም ቆይታ ትመለሳለች።

“ኢንስፔክተር፣ ክፍሉ በዚህ ነው” አለች ሳጅኗ።

ክፍሉ ባለ ሁለት አልጋ ነው። ከእማማ ሀሎ ራስጌ የተሰቀለው ፎቶግራፍ ውስጥ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ የደፉ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ዳር ላይ ያለችው ከሁሉም ታናሽ ናት። ከወንበሯ እግር አጠገብ አንዲት ሕፃን ቆማለች፤ ከወገቧ ጥብጣብ የመሰለ ነገር ወደ ታች ይወርዳል። ጌጥ ይሁን ጨዋታ አይለይም።

“ይቺ ልጅ ማን ናት?”

“ልጃቸው። አሁን ፀጉር ሠሪ ናት፤ እየመጣች ታያቸዋለች” አለች ሲስተር።

“አንተ ሰውዬ፣ ጫማህ የፖሊስ ነው” አለ ከወዲያኛው አልጋ አንድ ድምፅ።

ሲስተር፣ “እትዬ አዋላጅ ናቸው” ስትል አስተዋወቀች። “ዐይናቸው አያይም።” ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሩ ጠጋ ብላ፣ “ነገር ያቀላቅላሉ” አለችው።

“ዐይኔ ነው የደከመው፣ ጆሮዬ ገና ሎሌዬ ነው” አሉ አዋላጇ። “ሰማሁሽ።”

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ምን ሰሙ እትዬ?”

“ስልኩ ጠራ።”

ሲስተር ኢንስፔክተሩን ‘አላልኩህም?’ በሚል ዐይን አየችው።

“ከዚያስ?”

“ከዚያ አልጋው አቃሰተ። እሷም አቃሰተች። ‘ምነው?’ ብላት መልስ የለም፤ ትታገላለች። ጮኽኩ፤ ማን ይስማኝ? ከዚያ ጫማ የሚጎትት ሰው ገባ። ከዚያ…” ሁለት ጣታቸውን አጋጠሙ። “ቅጭ። እትብት ተቆረጠ።”

ሳጅኗ ሳቋን በሳል ሸፈነችው።

“ሳቂ ልጄ፣ ሳቂ። አንቺንም እኔ ቆርጬሽ ይሆናል። ስንቱን እትብት የቆረጠ ሰው ያን ድምፅ አያጣውም። የሆነ ነገር ተቆርጧል።”

“የገባው ሰው ወንድ ነው ሴት?”

“ጫማ ፆታ የለውም” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ረዳቷን አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አገኟት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዐይኗ ያበጠ ልጅ ናት። እያናገሩዋት እንኳ እጇ አያርፍም፤ የታጠፈውን አንሶላ ፈትታ እንደገና ታጥፋለች።

“እግርዎን እሰብረዋለሁ ብለሻቸዋል?”

“ብያለሁ።”

“እሳቸውስ ምን አሉሽ?”

“‘ስበሪው፣ አዲስ አስገጥማለሁ’ አሉኝና ወገባችንን ይዘን ሳቅን። ቁጣዬን የሰማ ኮሪደር ሳቃችንን አልሰማም?”

“ሲወድቁ የት ነበርሽ?”

“መታጠቢያ ቤት። አንዷ እናት ልብሳቸው ተበላሽቶባቸው እያጠብኳቸው ነበር። እርጥብ ወለል ላይ ትቻቸው ልውጣ? በሩ ተንኳኳ። አድርቄ፣ አስቀምጬ ስወጣ ሰው የለም። የእማማ ሀሎ በር ተከፍቷል። ስገባ…” አንሶላው ከእጇ ወደቀ። “ትራሱን እኔ አላደረግኩም። ትራሱን ሳይ የባሰ ደነገጥኩ።”

“በሌላ ቀን በዕረፍት ሰዓት የት ነው የምትሆኚው?”

አንሶላውን አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው። “ኮሪደር ላይ።”

“ምን ትሠሪያለሽ?”

“ምንም። እቀመጣለሁ።”

ዋሸች። ኢንስፔክተሩ ይህን ለማወቅ ሳጅኗን ማየት አላስፈለገውም፤ የረዳቷ እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ነበር።

“የሽርጥሽ ማሰሪያ የታለ?” አለች ሳጅኗ በድንገት። ሽርጡ ወገቧ ላይ የተያዘው በመርፌ ቁልፍ ነው።

“ተበጥሶ ነው።”

“መቼ?”

“ሰሞኑን። እኔ እንጃ።” ከዚያ ነገሩ የገባት መሰለ፤ ፊቷ አመድ ሆነ። “በእኔ እጅ ሰው ተሰበረ ከተባለ ዳግመኛ ማን እናቱን ይሰጠኛል? እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሌላም አልፈልግም።”

ውጭ ሲወጡ ሳጅኗ ጣቷን እየቆጠረች ዘረዘረች። “ብቻዋን ነበረች። ዝታለች። ዋሽታለች። ማሰሪያዋ ጠፍቷል። ሰው አንሷት ሥራ ሲበዛባት አሰረቻቸው፤ ሲወድቁ ፈትታ ደበቀችው። ምን ቀረ?”

“የሽርጥ ማሰሪያ የጣት ስፋት ነው። ሰንበሩ የመዳፍ ያህል ነው። ትራሱም ቀርቷል።”

“ትራሱ ምን ይላል?”

“የሚደብቅ ሰው ትራስ አያደርግም።”

የእማማ ሀሎ ልጅ ፀጉር ቤት ጠባብ ናት፤ መስታወቶቿ ግን አስፍተዋታል። ልጅ ልጅ ይሏታል እንጂ ሽበቷን በቀለም የሸፈነች ሴት ናት። መቀሷን ሳታስቀምጥ ነው ያናገረቻቸው።

“ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?” አለ ኢንስፔክተሩ።

“እዚሁ ነዋ። ይቺን ጠይቋት።”

ማድረቂያው ሥር የተቀመጠችው ደንበኛ ራሷን አወጣች። “ትናንት በዚያ ሰዓት አናቴን እያቃጠለችኝ ነበር። ዛሬ ላስተካክል መጣሁ፤ እንደገና እያቃጠለችኝ ነው።”

“አንቺ ዝም ብለሽ ተቃጠይ” አለቻትና ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች። “በምሳ ሰዓት ሄጄ በእጄ አጉርሼያት፣ አስተኝቻት ነው የመጣሁት። ሌላ ጊዜ ጠዋት ነበር የምሄደው፤ ትናንት ግን ልቤ አላረፈልኝም። ባለፈው ሳምንት አንሸራትቷት ከንፈሯ ደምቶ ነበር።” መቀሷን ወደ በሩ ቀሰረች። “ያቺ ረዳት ናት! እማዬ ብቻዋን ልትነሳ አትችልም። እሷ አንስታት ነው የጣለቻት። በሕግ አምላክ፣ አትልቀቋት!”

ወደ ጣቢያ ሲመለሱ ሳጅኗ መሪውን ይዛ፣ “የፀጉር ሠሪዋ ማስረጃ ብረት ነው” አለች። “ሌሎች ደንበኞችም አረጋግጠዋል። በወደቁበት ሰዓት ፀጉር ቤቷ ውስጥ ነበረች።”

“ነበረች” አለ ኢንስፔክተሩ።

በዚያው ምሽት ሲስተር ረዳቷን ከሥራ አገደቻት። ሳጅኗም የክስ ሐሳቡን ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ኢንስፔክተሩ አነበበው፤ ስሕተት አላገኘበትም። ግን አልፈረመም።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ብቻውን ተመልሶ ሄደ። የዕረፍት ሰዓት ነው። መጋረጃዎች ተዘግተዋል፤ ከየክፍሉ ቀጭን ማንኮራፋት ይሰማል። የትዝታ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰማውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥቶ ማመላለስ ያዘ።

ሲስተር፣ “እንደ ፌንጣ ዘለው ይነሳሉ” አለች። ረዳቷ፣ አርፈው አይቀመጡም ብላ ዛተች። ሁሉም ያላቸው አንድ ቃል ነው፤ አሮጊቷ ብቻቸውን ይነሳሉ። “ብቻዋን ልትነሳ አትችልም” ያለች አንዲት ሰው ብቻ ናት። እንዴት እርግጠኛ ልትሆን ቻለች?

ይህን እያሰበ ሳለ፣ ጆሮው ሥር ስልኩ ጠራ።

ያ የድሮ ጥሪ ነው፤ ሁለት ትናንሽ ደወሎች እየተጋጩ የሚያንጫርሩት። ኢንስፔክተሩ ከወንበሩ ብድግ ያለው ሳያስበው ነው። ከክፍሉ ውስጥ የአዋላጇ ድምፅ፣ “አላልኩም! አላልኩም!” ሲል ተሰማ። ማዳመጫውን አንሥቶ ጆሮው ላይ ደቀነው።

“ሙከራ፣ ሙከራ” አለ አንድ የሸመገለ ድምፅ። “ማዕከል፣ ትሰሚኛለሽ? ማዕከል፣ ዛሬም የለሽም?”

ኢንስፔክተሩ ሳይመልስ ማዳመጫውን ቀስ ብሎ አንጠለጠለውና ከስልኩ ጀርባ እጁን ሰደደ። ፀጉር የመሰሉ ሁለት ሽቦዎች ከግድግዳው ስንጥቅ ወርደው፣ በምንጣፉ ጠርዝ ሥር አልፈው፣ በንፋስ መግቢያው ቀዳዳ ይወጣሉ። ጎንበስ ብሎ እየተከተላቸው ግቢውን አቋረጠ። ሽቦው በወይኑ ሐረግ መካከል ተጠምዝዞ፣ ለሚያየው የሐረጉ አካል መስሎ፣ ወደ ወንዶች ክንፍ ገባ። እዚያም ሌላው ስልክ ተሰቅሏል። ከሥሩ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ትከሻቸው አሁንም ሰፊ የሆነ ሽማግሌ ማዳመጫውን ይዘው ቆመዋል።

“ማነህ አንተ?”

“ፖሊስ ነኝ አባባ።”

“ሰው መስመር ላይ እያለ የሚገባ ፖሊስ ነውረኛ ነው።”

አባባ ሽቦ ይሏቸዋል፤ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ምሰሶ ላይ ወጥተው የተበጠሰ ሽቦ ቀጥለው ሲጨርሱ ወደ ማዕከል ይደውላሉ፤ መስመሩ መዳኑን የምታረጋግጥላቸውም ዳር ላይ የምትቀመጠው ታናሿ ኦፕሬተር ነበረች። ሁለቱም ሌላ ሌላ አግብተው፣ ወልደው፣ ቀብረው፣ እዚህ ተገናኙ። እሷ መልካቸውን ረስታለች። ድምፃቸውን ግን አልረሳችም።

“ታዲያ በዕረፍት ሰዓት እደውልላታለሁ” አሉ። “‘ሙከራ’ እላለሁ፤ ‘ጥርት ብሎ ይሰማል’ ትለኛለች። በቃ። ሌላ ምን አለን?”

“ከትናንት በስቲያስ?”

ፊታቸው ተጨማደደ። “አላነሳችም። ማዕከል ጥሪ ትታ አታውቅም። መስመሩ ተበላሽቶ እንደ ሆነ ብዬ እየፈተሽኩ ሄድኩ። ስደርስ… ብረቱን ተሻግራ ተንጠልጥላለች። ራሷ ወደ ታች፣ ወገቧ በቀበቶ ተይዞ። መተንፈስ አልቻለችም።” ከኪሳቸው ትንሽ መቁረጫ ጉጠት አወጡ። “ቆረጥኩት። ልይዛት ነበር። እኔ እኮ ምሰሶ በትከሻዬ ተሸክሜ ዳገት እወጣ ነበር፤ አንዲት አሮጊት መያዝ አቃተኝ።” መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው፤ የሌላ ሰው መዳፍ ይመስል። “እኔ ነኝ የሰበርኳት?”

“ባይቆርጡት ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነገር ነበር አባባ። ሐኪሙ ነው ያለኝ።”

“ትራስ አደረግኩላት። የመታጠቢያ ቤቱን በር መታሁ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ስቆም ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝ። ክፍሌ ገባሁ።”

“ለምን ለማንም አልተናገሩም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

እውነት ነበር። ፖሊስም ኃላፊም ግቢውን ተሻግሮ ወንዶቹን የጠየቀ አልነበረም።

“ቀበቶውስ?”

ሽማግሌው ሌላኛውን ኪሳቸውን አጠገባቸው ባለ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። ቁርጥራጭ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ እና ከመካከላቸው ለሁለት የተቆረጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ግራጫ የሱፍ ቀበቶ፤ ጥልፉ መስመር በመስመር የሆነ።

“የመስመር ሠራተኛ የቆረጠውን መሬት ላይ ጥሎ አይሄድም” አሉ። “ከብት ይበላዋል፣ ልጅ ይረግጠዋል። እየለቀመ ኪሱ ይከታል። እንዲህ ነው የተማርነው።”

“ይህን ቀበቶ አይተውት ያውቃሉ?”

“እንዴት አላውቀው! የጥጃዋ ነው እንጂ።” ፊታቸው በአንዴ በራ። “ልጇ ሕፃን ሳለች የምትተውለት ሰው አልነበራትም። ማዕከሉ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ገደል። ታዲያ በጥሪና በጥሪ መካከል ይህን በእጇ ሠራችው። ወገቧን አስራ፣ ቋጠሮውን እጇ በማይደርስበት በጀርባዋ አድርጋ፣ ጫፉን የራሷ ወንበር እግር ላይ። ‘ጥጃዋ’ እንላት ነበር። ስንመጣ ከረሜላ እናጎርሳታለን። ምን የመሰለች ልጅ መሰለችህ!”

ኢንስፔክተሩ ወደ ሴቶቹ ክንፍ ተመልሶ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረደው። መስኮቱ ዘንድ ወስዶ ወደ ብርሃን ያዘው። ከሕፃኗ ወገብ የሚወርደው ጥብጣብ አልነበረም።

ለሳጅኗ ስልክ ደውሎ፣ “ሁላችንም የጠየቅነው የወደቁበትን ሰዓት ነው” አላት። “የታሰሩበትን የጠየቀ የለም።”

ረዳቷን ከቤቷ አስጠርቶ ሁለቱን ሽቦዎች ሲያሳያት መጀመሪያ ያለችው፣ “ሊነቅሉት ነው?” ነበር።

“ስልኩን ታውቂ ነበር።”

“ሁልጊዜ ሊጠራ ሲል ቀድሜ እገባና አነሳቸዋለሁ። ወገባቸውን ይዤ እስኪጨርሱ አጠገባቸው እቆማለሁ። ያን ሰዓት ብታያቸው፣ ዕድሜያቸው ይወርዳል። ከትናንት በስቲያ ግን ሁለት ቦታ መሆን አቃተኝ።” እንባዋን በክንዷ ጠረገች። “ብናገር ሲስተር ሽቦውን ታስነቅለዋለች ብዬ ነው የዋሸሁት።”

“ወደ ወህኒ ልትሄጂ ነበር እኮ።”

“ይህን ያህል አላሰብኩም። አሮጊቶች ሲበዙብህ ነገ የሚባል ነገር ትረሳለህ።”

ፀጉር ቤቱ ሲደርሱ የመጨረሻዋ ደንበኛ ወጥታ ሴትየዋ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገች ነበር። ኢንስፔክተሩ ቀበቶውን መስታወቱ ፊት፣ በማበጠሪያዎቹ መካከል አስቀመጠው።

የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ነካችው። “ማን ቆረጠው?” አለች። ከዚያ ያለችውን ሰማችና መጥረጊያውን እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆመች።

“አባባ ሽቦ። ሊያተርፏቸው።”

“ልጅ ሆኜ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር” አለች በሹክሹክታ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የደንበኞቿ ወንበር ላይ። “አንድም ቀን አልወደቅኩም። ያ ሁሉ ደረጃ፣ ያ ሁሉ ዓመት፣ አንድም ቀን! ሲስተርን ‘እሰሩልኝ’ ብዬ ለመንኳት፤ እምቢ አለችኝ። የደማ ከንፈሯን ባየሁ ጊዜ ይህን ከሣጥን አወጣሁት። አብልቻት፣ ብረቱን አንሥቼ፣ ቋጠሮውን በጀርባዋ አደረግኩት፤ ልክ እሷ እንደምታደርገው። ብርድ ልብስ አለበስኳት። ሳቀችልኝ እኮ። እኔን በዚህ አሳድጋኛለች፤ ምን ክፋት አለው አልኩ።”

“እሳቸው ያሰሩዎት የራሳቸው ወንበር ላይ ነው” አለ ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ። “ሲስቡት ይሰማቸዋል። የገመዱ ሌላ ጫፍ እናትዎ ጋ ነበር። እርስዎ ያሰሩት ብረት ላይ ነው።”

ሴትየዋ ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች።

“ረዳቷንስ?” አለ ኢንስፔክተሩ በመጨረሻ።

“መጀመሪያ ከልቤ ነው ያልኩት። ፈትታ አንስታት ጣለቻት ብዬ አምኜ ነበር። በኋላ ስለ ቀበቶው ማንም ሳያነሳ ሲቀር… ዝም አልኩ።” ሽርጧን አወረደች። “እሱን የማስተባብልበት አፍ የለኝም። ጻፈው።”

ጻፈው። የሳጅኗን የክስ ሐሳብ ቀዶ ጣለ። ቀበቶው ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር በፖስታ ታሽጎ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ፤ ሴትየዋ በዋስ ወጥታ ውሳኔውን ትጠብቃለች።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ኢንስፔክተሩ አንድ ከሰዓት የአባባ ሽቦን ጉጠት ሊመልስ ወደ መኖሪያው ሄደ። ጉጠቱ ለማስረጃነት አልተፈለገም። ሽማግሌው ኪሳቸው ሲከብድ ትከሻቸውም ቀና አለ።

“መስመሩን ሲስተር አስነቀለችብዎት?”

“እሷ? በወፍራም ሽቦ አስቀየረችው! ሌላ ረዳትም ጨምራለች። ሰዓቱ ሲደርስ እነሱ ተዘጋጅተው ደወል ይሰጡኛል፤ ከዚያ በፊት እጄን እጀታው ላይ ባደርግ ራት የለዎትም ብላኛለች።”

ከግቢው ማዶ፣ በሴቶቹ ኮሪደር መስኮት፣ ሦስት ሰዎች ይታያሉ። እማማ ሀሎ በመደገፊያ ብረት ቆመዋል። በአንድ በኩል ረዳቷ፣ በሌላው ልጃቸው። ረዳቷ የሴትየዋን እጅ ይዛ ከእናቷ ክንድ ላይ አነሳችውና ዝቅ አድርጋ ወገባቸው ላይ አኖረችው። አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ቁጣ ይሁን ትምህርት አይለይም። ምናልባት ሁለቱም ነበር። ከዚያ ትንሿ ደወል ጮኸች።

“ዛሬ አንተ ደውል” አሉ አባባ ሽቦ። “እኔ ጉጠቴን ልወልውል።”

“እኔ ምን እላለሁ?”

“የሚደውል ሰው የሚለውን።”

እጀታውን ዘወረው። ከሩቅ ሁለቱ ደወሎች ሲንጫረሩ ሰማ። ከዚያ ያ ድምፅ።

“ማዕከል። ወዴት ላገናኝዎት?”

ኢንስፔክተሩ ማዳመጫውን ወደ ጆሮው አስጠጋ። “የመንገድ ሥራ ካምፕ” አለ። “የመዳመጫ መኪና ሾፌሩን።”

“ማን ይፈልገዋል ልበል?”

“ልጁ።”

በሽቦው ውስጥ የሴትየዋ ድምፅ፣ “እማዬ፣ ደከመሽ? ተቀመጪ” ሲል ራቅ ብሎ ተሰማ። አሮጊቷ፣ “ዝም በይ አንቺ፣ ሰው መስመር ላይ ነው” አሏት። ከዚያ ድምፃቸው ቀርቦ፣ ጥርት ብሎ፣ ልክ እንደ ድሮው ተመለሰ።

“መስመሩ ተይዟል። ይጠብቁኛል?”

“እጠብቃለሁ” አለ።

አባባ ሽቦ ከጉጠታቸው ቀና ብለው ሲያዩት፣ ኢንስፔክተሩ ማዳመጫውን በአንድ እጁ እንደ ያዘ፣ በሌላው መዳፉ ፀጉሩን ወደ አንድ ጎን እያስተኛ ነበር።